የደም ምርመራ ምስክር እንጂ ዘበኛ አይደለም

በዚህ የቤተ ሰብ ገጽ ስለ ቤት አያያዝ፣ ስለ ልጆች አስተዳደግና ስለ ጤና አጠባበቅ በየሳምንቱ ጥቂት ቃል ማቅረብ ልማዳችን መሆኑን አንባቢዎቻችን ያውቃሉ። የዛሬው ነገራችን ስለ ሴቶች ጤና ነው። ሆኖም ወንዶች አንባቢዎቻችን ገጹን ገልጠው እንዳያልፉብን አስቀድመን እንለምናለን። ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ ያነሣሣን ወንድ ነውና።

ይህ ወዳጃችን በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሹም ነው። በቤቱ የደረሰውን ነገር ለሌሎች ትምህርት ይሆን ዘንድ እንድንጽፈው እርሱም ባለቤቱም ፈቅደውልናል፤ ስማቸውን ግን አንጠራም። ወዳጃችን ለሃያ ዓመት ያህል ወረቀት ሲመዘግብና ሲያስቀምጥ የኖረ ሰው ስለሆነ፣ ቁጥርና ማኅተም ያለበትን ወረቀት ሁሉ እንደ እውነት አድርጎ ይቀበላል። በዚህም አይፈረድበትም፤ የሁላችንም ሥራ የቆመው በዚሁ እምነት ላይ ነው።

በ2014 ዓ. ም. በጥቅምት ወር፣ የ44 ዓመት ሴት የሆነችው ባለቤቱ ከወር አበባዋ ጊዜ ውጭ ደም ታየባት። ነገሩን አፍራ ጥቂት ቀን ከደበቀችው በኋላ ነገረችው። እርሱም ሳይውል ሳያድር ወደ አንድ የግል ላቦራቶሪ ወስዶ ደሟን አስመረመረ። ከውጤቱ ዝርዝር አንዱ የካንሰር ጠቋሚ የሚባለው ነበረ፤ ከጎኑ የተጻፈው ቁጥር 1.1 ሲሆን፣ ወሰኑ 1.5 መሆኑ በወረቀቱ ላይ ተመልክቷል። ወዳጃችንም ደስ ብሎት «ንጹሕ ነሽ፤ ይኸው ወረቀቱ» አላት። ወረቀቱንም በዶሴ አድርጎ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፈበት።

ደሙ ለጊዜው ቆመ። በየካቲት ወር እንደገና ታየ፤ ነገር ግን «ደሙ ተመርምሮ የለምን?» ተባለና ታለፈ። በግንቦት ወር የወገብ ሕመም ሲጨመርበት፣ የሚስቱ ታላቅ እኅት ልትጠይቃት ከክፍለ ሀገር መጣች። ታሪኩን ሁሉ ከሰማች በኋላ «እኅቴ፣ ደምሽንስ አዩት፤ አንቺን ግን ማን አየሽ?» ብላ ጠየቀቻት። በማግሥቱም እጇን ይዛ ወደ ጤና ጣቢያ ወሰደቻት። አዋላጅ ነርሷ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ በዐይኗ አይታ «እትዬ፣ ዛሬውኑ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ» ብላ የመላኪያ ወረቀት ጻፈችላት። በሆስፒታልም ከማሕፀን በሯ ቁራጭ ሥጋ ተወስዶ ተመረመረ። በሽታው የማሕፀን በር ካንሰር መሆኑና ሁለተኛ ደረጃ መድረሱም ተረጋገጠ።

ወዳጃችን ያንን የጥቅምት ወረቀት ይዞ ወደኛ የመጣው በዚያ ሰሞን ነው። ጠረጴዛችን ላይ ዘርግቶ «እርስዎ በጋዜጣ ስለ ጤና ይጽፋሉና እስቲ ይንገሩኝ፤ ይህ ወረቀት ዋሽቶኛልን?» አለን። ያን ጊዜ የምንመልስለት ቃል አልነበረንም። ከዚያ ወዲህ ሐኪሞችን ጠይቀንና መጻሕፍትን አገላብጠን ያገኘነው መልስ ባጭሩ ይህ ነው። ወረቀቱ አልዋሸም፤ የተጠየቀው ግን የማያውቀውን ነገር ነው።

ይህን ለመረዳት በመሥሪያ ቤት ዘወትር የምንሠራባቸውን ሦስት ቃላት ማስታወስ ይጠቅማል፤ እነዚህም ማጣራት፣ ማረጋገጥና መከታተል ናቸው። ማጣራት ማለት ጤነኛ ከሚመስሉት ብዙዎች መካከል አደጋ ያለባቸውን ጥቂቶች ለይቶ ማውጣት ነው። ማረጋገጥ ማለት የተጠረጠረው ነገር እውነት መሆኑን በማስረጃ ማጽናት ነው። መከታተል ማለት ውሳኔ ያገኘው ጉዳይ ከጊዜ ወደ ጊዜ ምን ላይ እንደ ደረሰ ማየት ነው። አንድ ጸሐፊ እነዚህን ሦስቱን ቢያደባልቅ ጉዳዩ ይበላሻል። በሕክምናም ነገሩ እንዲሁ ነው። ስለ ማሕፀን በር ካንሰር የሚደረገው የደም ጠቋሚ ምርመራ ለሦስተኛው ሥራ ይረዳል፤ ለመጀመሪያውና ለሁለተኛው ግን ሊታመን አይችልም።

አስቀድመን ስለ በሽታው እንናገር። የማሕፀን በር የሚባለው የማሕፀን የታችኛው ጫፍ፣ ማለት አንገቱ ነው። የቀድሞ ሰዎች ይህን በሽታ ነቀርሳ ይሉታል፤ ነገር ግን ነቀርሳ የሚለው ቃል ለሳምባ ነቀርሳም ስለሚነገር፣ አንባቢ እንዳይሳሳት እኛ በዚህ ጽሑፍ ካንሰር እንላለን። ጀርመናዊው ሊቅ ሃራልድ ሱር ሀውዘን እ. ኤ. አ. በ1983 በዚህ ካንሰር ውስጥ የፓፒሎማ ቫይረስ 16ኛውን ዓይነት፣ በሚከተለውም ዓመት 18ኛውን ዓይነት ከባልደረቦቻቸው ጋራ አገኙ። ስለዚህም እ. ኤ. አ. በ2008 የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። ከማሕፀን በር ካንሰር ውስጥ ከመቶ 70 ያህሉ የሚመጣው ከነዚህ ከሁለቱ የቫይረስ ዓይነቶች ነው።

ቫይረሱ በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፍ ሲሆን፣ አብዛኛው ወንድና ሴት በዕድሜው አንድ ጊዜ ያገኘዋል። በብዙዎቹ ዘንድ ሰውነት ራሱ ያስወግደዋል። ስለዚህ በሽታው የማንም ነውር አይደለም፤ ባልም ሚስትን፣ ሚስትም ባልን የምትወቅስበት ምክንያት የለም። ቫይረሱ በሰውነት ውስጥ የቆየ እንደ ሆነ ግን የማሕፀን በር ሕዋሳት ቀስ በቀስ ይለወጣሉ። ይህ ለውጥ ካንሰር እስኪሆን ድረስ ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይፈጃል፤ የሰውነት መከላከያቸው በደከመባቸው ሴቶች ዘንድ፣ ለምሳሌ ኤች አይ ቪ በደማቸው ኖሮ ሕክምና ባላገኙት ላይ፣ ከ5 እስከ 10 ዓመት ሊሆን ይችላል። እንግዲህ ይህ ረጅም ጊዜ የተሰጠን ዕድል ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የተባለው ለእንዲህ ያለው ነገር ነው፤ እሳቱ ገና ፍም ሳለ በእጅ በሚገኝ ቅጠል ይጠፋል፤ ቤቱ ከተያያዘ በኋላ ግን ወንዝ ቢያመጡበትም ይቸግራል።

አሁን ወደ ደሙ ጠቋሚ እንመለስ። እ. ኤ. አ. በ1977 ካቶና ቶሪጎኤ የተባሉ ሁለት የጃፓን ተመራማሪዎች፣ ከማሕፀን በር ካንሰር ውስጥ አንድ የፕሮቲን ዓይነት ለይተው በበሽተኞች ደም ውስጥ መጠኑን ለመለካት መቻላቸውን አስታወቁ። ይህ ፕሮቲን ዛሬ ኤስ ሲ ሲ አንቲጅን ይባላል። ስሙ የተወሰደው ስኳመስ ከሚባሉት ሕዋሳት ነው፤ እነዚህም እንደ ዓሣ ቅርፊት ተደራርበው ቆዳችንን፣ የአፋችንን ውስጥና የማሕፀንን በር የውጭ ገጽ የሚሸፍኑ ጠፍጣፋ ሕዋሳት ናቸው። የማሕፀን በር ካንሰር በብዛት የሚነሣው ከነዚሁ ነው።

ከዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር ልብ ይበል። ይህን ፕሮቲን የሚሠራው ካንሰር ብቻ አይደለም፤ ጤነኛው ቆዳና ጤነኛው ምላስም ይሠሩታል። ስለዚህ በማንኛውም ሰው ደም ውስጥ ጥቂት ይገኛል። መጠኑ የሚነገረው በናኖ ግራም ነው፤ አንድ ናኖ ግራም ማለት አንድ ግራም በአንድ ቢሊዮን ቦታ ሲከፈል የሚገኘው አንዱ እጅ ነው። ብዙ ላቦራቶሪዎች በአንድ ሚሊ ሊትር 1.5 ናኖ ግራምን ወሰን ያደርጉታል፤ ሌሎች ደግሞ እንደ መሣሪያቸው ዓይነት 2 ወይም 2.5 ይላሉ። እንግዲህ በወረቀቱ ላይ የሚታየው ወሰን ሰዎች ለሥራ እንዲመች ያሰመሩት መሥመር ነው እንጂ፣ በሽታና ጤና የሚለያዩበት የተፈጥሮ ድንበር አይደለም።

ካንሰሩ ገና ትንሽ ሳለ ወደ ደም የሚለቀው ፕሮቲን እጅግ ጥቂት ስለሆነ ከጤነኛው አይለይም። ሐኪሞች ይህን በቁጥር መርምረውታል። በበሽታው መጀመሪያ አካባቢ፣ ማለት ካንሰሩ በማሕፀን በር ውስጥ ወይም እጅግ በቅርቡ ሳለ፣ ከ100 ሕመምተኞች መካከል ጠቋሚያቸው ከወሰን በላይ ሆኖ የተገኘው ከ24 እስከ 53 በሚሆኑት ላይ ብቻ ነው። በሽታው ወደ ጎን ከተስፋፋ በኋላ ግን ቁጥሩ ከ100 ወደ 75ና 90 ከፍ ይላል። ይህ ማለት ደሙ በግልጽ የሚናገረው በሽታው ከገፋ በኋላ ነው። ካንሰር ሳይሆኑ በፊት ያሉትን የተለወጡ ሕዋሳትማ፣ በቀላሉ ሊጠፉ የሚችሉት እነርሱ ሆነው ሳሉ፣ ይህ ምርመራ ሊያሳያቸው አይችልም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደ ተባለው ነው። የወዳጃችን ሚስት በጥቅምት ወር 1.1 ያገኘችው በሽታ ስላልነበረባት ሳይሆን፣ ደሟ ገና ስላልተናገረ መሆኑን ሐኪሟ ኋላ አስረድቷቸዋል።

ይህ በአንድ በኩል ያለው ስሕተት ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ካንሰር ሳይኖር ጠቋሚው ከፍ የሚልበት ጊዜ አለ። ሶራያሲስና ኤክዚማ የሚባሉት የቆዳ በሽታዎች፣ የኩላሊት ድክመት፣ አንዳንድ የሳምባ በሽታዎችም ከፍ ያደርጉታል። የደሙ ናሙና በምራቅ ወይም በላብ ቢነካ እንኳ ቁጥሩ በሐሰት ይጨምራል። ከዚህም ሌላ በሳምባ፣ በአፍና በጉሮሮ የሚነሣ የስኳመስ ካንሰር ይህንኑ ጠቋሚ ከፍ ስለሚያደርገው፣ ቁጥሩ ብቻውን በሽታው ከየት እንደ መጣ አያሳውቅም። በዚህም ምክንያት አንዲት ጤነኛ ሴት ያለ ምክር ይህን ምርመራ ብታደርግ፣ ወይ በከንቱ ትደነግጣለች፣ ወይም በከንቱ ትጽናናለች። ከሁለቱ የትኛው ይብሳል ቢባል፣ በከንቱ መጽናናት የሚብስ ይመስለናል። የደነገጠ ሰው ሐኪም ፍለጋ ይሄዳል፤ የተጽናና ግን ቤቱ ይቀመጣል።

ሌሎችም ጠቋሚዎች አሉ። ከማሕፀን በር ካንሰር ከፊሉ ፈሳሽ ከሚያመነጩት ሕዋሳት ይነሣል፤ ይህም አዴኖካርሲኖማ ይባላል። ለዚህኛው ሐኪሞች ሲ ኤ 125 እና ሲ ኢ ኤ የተባሉትን ጠቋሚዎች መመልከት ይመርጣሉ። ነገር ግን ሲ ኤ 125 በወር አበባ ጊዜና በእርግዝና ከፍ ሊል ይችላል፤ ሲ ኢ ኤ ደግሞ ትምባሆ በሚያጨሱ ሰዎች ላይ ከፍ ብሎ ይገኛል። ሳይፍራ 21-1 የሚባልም አለ፤ እርሱም ለማጣራት አይበቃም። ስለዚህ «ብዙ ጠቋሚዎችን በአንድ ጊዜ ባስመረምር እውነቱ ይገኛል» የሚል ሰው ይሳሳታል። ነገሩን ያላዩ አሥር ምስክሮች ቢሰበሰቡ፣ ካየው ከአንዱ አይበልጡም።

ታዲያ ማጣራቱ በምን ይደረጋል ቢሉ፣ ማሕፀንን በር በቀጥታ በመመልከት ወይም ከዚያው ናሙና በመውሰድ ነው። የመጀመሪያው መንገድ የቫይረሱ ምርመራ ነው፤ በትንሽ ብሩሽ ወይም ጥጥ ከማሕፀን በር አካባቢ ናሙና ተወስዶ ቫይረሱ መኖሩ ይታያል። ሁለተኛው የፓፕ ምርመራ የሚባለው ሲሆን፣ በግሪክ አገር የተወለዱት ዶክተር ጆርጅ ፓፓኒኮላዎ ያስገኙት ነው። ሦስተኛው በአገራችን ጤና ጣቢያዎች የሚሠራበት ነው። የሰላጣ ማጣፈጫ በሆነው በአቼቶ ውስጥ ያለው አሴቲክ አሲድ ተበርዞ የማሕፀን በር ይቀባል፤ ከአንድ ደቂቃ በኋላ የተለወጠ ሕዋስ ያለበት ስፍራ ነጭ ሆኖ ለዐይን ይታያል። እንዲህ የተገኘው ገና ካንሰር ያልሆነ ለውጥ፣ ተስማሚ ሆኖ ሲገኝ፣ በብርድ ወይም በሙቀት መሣሪያ በዚያው ቀን ሊጠፋ ይችላል። ከዚህ የሚቀል ሕክምና በካንሰር ነገር ብዙ አይገኝም።

የዓለም የጤና ድርጅት የሚመክረው ማንኛይቱም ሴት ከ30 ዓመቷ ጀምሮ የቫይረሱን ምርመራ ከ5 እስከ 10 ዓመት ባለው ጊዜ አንድ ጊዜ እንድታደርግ፣ ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለ ሴቶች ግን ከ25 ዓመታቸው ጀምሮ ከ3 እስከ 5 ዓመት ባለው ጊዜ እንዲያደርጉ ነው። በአቼቶው መንገድ የሚደረገው ምርመራ ደግሞ በየ3 ዓመቱ ይደገማል። ይህ ሁሉ የተነገረው ምንም ሕመም ለማይሰማት ሴት ነው። ከወር አበባዋ ጊዜ ውጭ፣ ወይም ከግንኙነት በኋላ፣ ወይም የወር አበባ ካቋረጠች በኋላ ደም ያየች ሴት ግን ይህን ተራ አትጠብቅ፤ ያለ መዘግየት ሐኪም ይያት።

ማረጋገጡም እንዲሁ የራሱ ሥርዓት አለው። የተጠረጠረው ስፍራ ቁራጭ ሥጋ ተወስዶ በማይክሮስኮፕ ይመረመራል፤ ፍርዱን የሚሰጠው ይህ ነው። ከዚያም በሽታው ከ4ቱ ደረጃዎች በየትኛው እንዳለ የሚወሰነው በሐኪም ምርመራ፣ እንደ አልትራሳውንድ፣ ሲ ቲ ስካንና ኤም አር አይ ባሉ ምስሎች፣ እንዲሁም በሥጋው ምርመራ ነው። ዓለም አቀፉ የማሕፀንና ጽንስ ሐኪሞች ፌዴሬሽን እ. ኤ. አ. በ2018 ባሻሻለው የደረጃ አወሳሰን ውስጥ የደም ጠቋሚ አልገባም።

እስከዚህ የተናገርነው ሁሉ የደም ጠቋሚው ከንቱ ነው የሚያሰኝ ይመስላል። እኛ ግን እንዲህ አንልም። ምስክር በጊዜው ሲጠራ ይጠቅማል። በሽታው ከተረጋገጠ በኋላ፣ ሕክምናው ሳይጀመር በፊት የተወሰደው ቁጥር እንደ መነሻ ይመዘገባል። ከፍ ያለ ቁጥር በሽታው መስፋፋቱን ወይም ወደ ንፍፊት መድረሱን ሊያመለክት ስለሚችል፣ ሐኪሙ አጥብቆ እንዲመረምር ያነቃዋል። ሕክምናው ሲሰምር ቁጥሩ ይወርዳል። ሕክምናው ካለቀ በኋላ ሳይወርድ ቢቀር፣ ወይም ወርዶ ሳለ ደጋግሞ ቢወጣ፣ በሽታው ቀርቶ ወይም ተመልሶ ይሆናል ተብሎ ይመረመራል። ቁጥሩ የበሽታው መመለስ በሌላ መንገድ ከመታወቁ ከጥቂት ወራት በፊት ከፍ ማለቱ በብዙ ሕመምተኞች ላይ ታይቷል። ይህም ሆኖ፣ መመለሱን በደም ቀድሞ ማወቅ የሴቲቱን ዕድሜ ስለ ማራዘሙ የጸና ማስረጃ ስላልተገኘ፣ ሐኪሞች ሁሉ በእያንዳንዷ ሕመምተኛ ላይ አያዝዙትም። የክትትሉ መሠረት እንደ ቀድሞው ሕመምተኛዋን መጠየቅና በእጅና በዐይን መመርመር ነው።

የወዳጃችን ሚስት ሕክምና ሲጀመር ጠቋሚዋ 6.8 ነበረ። የጨረር ሕክምናና ኬሞቴራፒ ተሰጥቷት ከጨረሰች በኋላ 0.9 ሆነ፤ ሐኪሞቹም መርምረው የቀረ በሽታ እንዳላገኙ ነገሯት። ከዚያ ጀምሮ በየ3 ወሩ ለምርመራ ትመላለስ ነበር። በ2016 ዓ. ም. በመጋቢት ወር ግን በወረቀቱ ላይ 2.3 የሚል ቁጥር ወጣ። ወዳጃችን በዚያ ሳምንት ወደ ሥራ ሲመጣ ፊቱ ተለውጦ አየነው፤ ሁለቱም ሦስት ሌሊት እንዳልተኙ ነገረን። «ፊት ወረቀቱ ደኅና ነሽ ሲለን ታማ ነበር፤ አሁንስ ታመሻል ሲለን ምን እንመን?» አለ።

ሐኪሙ ግን አልቸኮለም። መጀመሪያ መረመራት፤ አዲስ ነገር አላገኘም። ቀጥሎ እጇን እንድታሳየው ጠየቃት። ጣቶቿና መዳፎቿ በኤክዚማ ቀልተው ተሰነጣጥቀው ነበር። «ወይዘሮ፣ ይህ የቆዳ ሕመም ቁጥሩን ከፍ ሊያደርገው ይችላል። ቆዳውን እናክም፤ ከ4 ሳምንት በኋላ በዚያው ላቦራቶሪ፣ በዚያው መሣሪያ እንድገመው። ያን ጊዜም ከፍ ቢል ምስል እናነሣለን» አላት። ከ4 ሳምንት በኋላ 1.0 ሆነ። ከዚያ ወዲህ የተደረጉት ምርመራዎች ሁሉ ደኅና ናቸው፤ ሴቲቱም ቤቷን እያስተዳደረች ትገኛለች።

ከዚህ ታሪክ እንዲህ ያለው ወረቀት በእጁ የገባ ሰው ሊጠይቃቸው የሚገባውን ሦስት ጥያቄዎች እናገኛለን። አንደኛ፣ ይህ ምርመራ የታዘዘው ለማጣራት ነው፣ ለማረጋገጥ ነው፣ ወይስ ለመከታተል? ሁለተኛ፣ ቁጥሩ ከቀድሞው ቁጥር ጋር ሲነጻጸር ምን ያሳያል? አንድ ቁጥር ብቻውን ጥቂት ይናገራል፤ ተከታትለው የመጡ ቁጥሮች ግን አካሄዱን ያሳያሉ። ሦስተኛ፣ ምርመራው በዚያው ላቦራቶሪና በዚያው ዓይነት መሣሪያ ተደርጓልን? በሁለት ሚዛን የተመዘነ ቡና አንድ ክብደት እንደማያሳይ፣ በሁለት ዓይነት መሣሪያ የተለካ ደምም እንዲሁ ነው።

ስለ ልጆቻችንም አንድ ቃል እንጨምር። ቫይረሱን የሚከላከል ክትባት አለ። በኢትዮጵያ በ2011 ዓ. ም. 14 ዓመት ለሆናቸው ልጃገረዶች መሰጠት ተጀመረ፤ በ2017 ዓ. ም. ደግሞ ከ9 እስከ 14 ዓመት ላሉት በዘመቻ ተሰጥቷል። እ. ኤ. አ. በ2022 በዓለም ላይ 660,000 ያህል ሴቶች በማሕፀን በር ካንሰር ሲያዙ፣ 350,000 ያህሉ ሞተዋል፤ ከሞቱትም አብዛኞቹ እንደኛ ባሉ ገቢያቸው ባነሰ አገሮች ያሉ ናቸው። በአገራችንም ከጡት ካንሰር ቀጥሎ ሴቶችን በብዛት የሚይዘው ይኸው ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እ. ኤ. አ. በ2020 ባወጣው ዕቅድ መሠረት፣ እስከ 2030 ድረስ ከ100 ልጃገረዶች 90ው እንዲከተቡ፣ ከ100 ሴቶች 70ው እንዲመረመሩ፣ በሽታው ከተገኘባቸው ከ100ው 90ው እንዲታከሙ ይፈለጋል። በዚህ ዕቅድ ውስጥ ማጣራቱ በደም ጠቋሚ ይደረግ የሚል ቃል የለም።

በመጨረሻ ለባለ ሥልጣኖች አንባቢዎቻችን የምንለው ይህ ነው። በየመሥሪያ ቤቱ በእናንተ ሥር የሚሠሩ ሴቶች አሉ፤ በየቤታችሁም እናት፣ እኅትና ሚስት አሉ። አንዲት ሠራተኛ ለዚህ ምርመራ የግማሽ ቀን ፈቃድ ስትጠይቅ ምክንያቱን በሰው ፊት እንድትናገር አታስገድዷት። በቤትም ነገሩን እንደ ነውር አድርጎ መሸሸግ ይቅር፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። ሚስትህ «ደም አየሁ» ስትልህ፣ ወደ ላቦራቶሪ ከመሄድህ በፊት በዐይኑ አይቶ ወደሚመረምራት ሐኪም ውሰዳት።

ወዳጃችን ያን የጥቅምት ወረቀት አልቀደደውም። በመዝገብ ቤት ሰው ልማድ፣ ከኋላው ከመጡት ወረቀቶች ሁሉ ጋር በተራ ሰፍቶ አስቀምጦታል። ባለፈው ወር ሲያሳየን ግን በላዩ ላይ በእርሳስ አንድ መሥመር ጽፎበት አየን። የጻፈውም የሚስቱ ታላቅ እኅት የተናገረችውን ነው፤ «ደምሽንስ አዩት፤ አንቺን ግን ማን አየሽ?» ይላል።